የዴቪድ ቦዊ አድናቂዎችን በኦንላይን መቀላቀል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዛዊውን የሮክ ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊን የሚወድ ሐበሻ ብዙውን ጊዜ ብቻውን የቀረ ይመስለዋል። ሠፈር ውስጥ ስለ እሱ የሚያወራው ሰው አያገኝም። አንድ ቀን ግን ኢንተርኔት ላይ አድናቂዎቹን ያገኛቸዋል። ከቶኪዮ፣ ከቦነስ አይረስ፣ ከለንደን ተሰባስበው ስለ አንድ የከበሮ ምት ሌሊቱን ሙሉ ይከራከራሉ። ልግባ ወይስ ዳር ሆኜ ልይ የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያኔ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ለእኔም ደጋግመው ስለሚመጡ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን የጠቀስኩበት ቦታ ላይ ግን ለይቼ ተናግሬያለሁ።

ሰውየው ከሞተ ቆየ እኮ። አሁን መግባት አልረፈደም?

በፍጹም። ቦዊ ያረፈው ጃንዋሪ 10 ቀን 2016፣ በ69 ዓመቱ ነው። መድረክ ላይ ዞሮ መዝፈን ያቆመው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ፣ በ2004 ጀርመን ውስጥ ልቡን ከታመመ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ በየግሩፑ ከምታገኟቸው ሰዎች ብዙዎቹ በአካል አይተውት አያውቁም። ከእናንተ የሚለዩት ቀድመው መስማት በመጀመራቸው ብቻ ነው።

አዲስ ነገር የለም ብላችሁም አታስቡ። በ2000 ቀድቶት ሳይወጣ የቀረው ‹ቶይ› የተባለው አልበም በይፋ የወጣው በ2021 ነው። የግል ማኅደሩ ለሕዝብ የተከፈተው በ2025 ነው። ማኅበረሰቡ ገና ብዙ የሚያወራው አለው።

የኦንላይኑ ነገር እንዴት ተጀመረ? ቦዊ ራሱ ከአድናቂዎች ጋር ይጽፍ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ይህን ሳልናገር ሌላውን መናገር አልችልም፤ ሁሉም ነገር የተገነባው እዚህ ላይ ነውና።

ቦዊ ‹ቦዊኔት› የተባለውን አገልግሎት የከፈተው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1998 ነው። ተራ ድረ ገጽ እንዳይመስላችሁ። ሰዎችን በስልክ መስመር ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ፣ ሙሉ የኢንተርኔት አቅራቢ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ወርኃዊ ክፍያው 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። ሌላ አቅራቢ ያለው ሰው ደግሞ በ5 ዶላር ከ95 ሳንቲም አባል መሆን ይችል ነበር። አባሉ በዘፋኙ ስም የሚያልቅ የኢሜይል አድራሻ ያገኛል። የራሱን ገጽ የሚሠራበት ቦታ ይሰጠዋል። ከሌሎች ጋር የሚጨዋወትበት ክፍል ይከፈትለታል። በእኛ አገር ኢንተርኔት ከገባ ገና ዓመት ከምናምን ነበር።

ቦዊ እዚያ ‹ሴይለር› በሚል ስም ይገባ ነበር። ይቀልዳል፣ ጥያቄ ይመልሳል፣ ስለሚያነበውና ስለሚሰማው ያወራል። አባላቱ ሴይለር ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ያም ሆኖ ቅዳሜ ማታ የሚያወሩት ስለ ሕይወታቸው፣ ስለ ሥራቸው፣ ስለ ልጆቻቸውም ጭምር ነበር።

በዚያው ዓመት አንድ ያላለቀ ዘፈን አቀረበና ግጥሙን እናንተ ጻፉልኝ አለ። ያሸነፈው የኦሃዮ ግዛት የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ወጣቱ በ1999 ኒው ዮርክ ስቱዲዮ ድረስ ተጋብዞ ሄደ። ቀረጻው በኢንተርኔት በቀጥታ ተላለፈ። ግጥሙም በዚያ ዓመት በወጣው አልበም ውስጥ ከነስሙ ገባ። አልበሙ ራሱ ሲዲው ሱቅ ከመድረሱ ከሁለት ሳምንት ያህል በፊት በኢንተርኔት ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። ያን ጊዜ ይህን የደፈረ ትልቅ ዘፋኝ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጁን 19 ቀን 2000 ደግሞ ኒው ዮርክ ሮዝላንድ አዳራሽ ለቦዊኔት አባላት ኮንሰርት አቀረበ።

በ1999 ለቢቢሲው ጄረሚ ፓክስማን በሰጠው ቃለ መጠይቅ፣ ኢንተርኔት ኅብረተሰቡን በጥሩም በመጥፎም ገና ልንገምተው በማንችለው መንገድ እንደሚለውጥ ተናግሯል። ጠያቂው ነገሩ የተጋነነ መስሎት ነበር። ቃለ መጠይቁ ዛሬም በየጊዜው ይጋራል።

ቦዊኔት በ2006 ኢንተርኔት ማቅረቡን አቆመ። በኋላም ጨርሶ ተዘጋ። ሰዎቹ ግን ወደ ፌስቡክ፣ ወደ ሬዲት፣ ወደ ዲስኮርድ ተሻገሩ። አንድን አዲስ ሰው ተቀብሎ የማስረዳት ልማዳቸው የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ዘፋኙ ራሱ አብሯቸው ተቀምጦ ነበርና።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

የብዙዎቹም እንደዚያው ነው። ጃፓኖችና ብራዚሎች በትርጉም መሣሪያ ይጽፋሉ፤ ማንም አይቆጣም። አጭር ጻፉ። የዘፈኑን ስም ጥቀሱና የወደዳችሁትን ተናገሩ። ይበቃል።

ዘፈኖቹን ሁሉ አላውቅም። ይስቁብኛል?

አልፎ አልፎ የሚፈትን ሰው ያጋጥማል። በ1974 ጊታሩን የመታው ማን ነበር እያለ አዲስ ሰው የሚያስጨንቅ። ለእንዲህ ያለው ሰው መልስ መስጠት ግዴታችሁ አይደለም። ጨዋዎቹ ይበዛሉ። ‹ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት› ብሎ የሚጽፍ ሰው ሲመጣ ደስ የሚላቸው እነሱ ናቸው። ያንን የመጀመሪያ ቀን ስሜት እነሱ ዳግም አያገኙትማ።

ከየት ልጀምር ካላችሁኝ፣ አብዛኛው ሰው የ1971ዱን ‹ሃንኪ ዶሪ› ወይም የ1972ቱን ‹ዚጊ ስታርደስት› ይመክራል። ጥሩ ምክር ነው። ዜማቸው ቶሎ ይይዛል። መደነስ የሚወድ የ1983ቱን ‹ሌትስ ዳንስ› ይክፈት። በ1977 የወጡትን ‹ሎው› እና ‹ሂሮስ› ለኋላ አቆዩአቸው። ግማሽ ያህሉ የዘፋኝ ድምፅ የሌለው፣ ቀዝቀዝ ያለ ሙዚቃ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለሐበሻ ጆሮ ግን እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። የመጨረሻውን፣ የ2016ቱን ‹ብላክስታር› ስሙ። ቦዊ በልጅነቱ ሳክስፎን ተምሯል። በመጨረሻው አልበሙ ላይ ደግሞ የኒው ዮርክ ጃዝ ተጫዋቾችን ሰብስቦ፣ ሳክስፎኑን ለዶኒ ማካስሊን ሰጠው። የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን እየሰማ ያደገ ሰው በዚያ አልበም ላይ እንግዳ አይሆንም። ያ የሚያለቅስና የሚፎክር ድምፅ እዚያም አለ። ሁለቱም በ2016 በወራት ልዩነት አረፉ። ይህን አንድ የውጭ ግሩፕ ላይ ስጽፍ፣ ጌታቸውን ሰምተውት የማያውቁ ሰዎች ፈልገው አገኙትና እያመሰገኑ መጡ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ያወራነው ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ነበር። ከአገር ቤት ይዛችሁ የምትገቡት ዕውቀት ለእነሱ ብርቅ ነው። ባዶ እጃችሁን የምትገቡ አይምሰላችሁ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ። ቀላልም አይደለም።

በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ለተጎዱት ገንዘብ ለማሰባሰብ ‹ላይቭ ኤይድ› የተባለው ኮንሰርት ሲዘጋጅ ቦዊ ለንደን ዌምብሌ ላይ ዘፍኗል። ቀኑ ጁላይ 13 ቀን 1985፣ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ነው። ለእያንዳንዱ ዘፋኝ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነበር። ከዝግጅቱ በፊት አዘጋጆቹ የካናዳ ቴሌቪዥን ከኢትዮጵያ የቀረጸውን ምስል አሳዩት። ምስሉን ለማሳየት ግን ሰዓት አልነበረም። ቦዊ ከራሱ ዘፈኖች አንዱን ቆርጦ ጊዜውን ሰጠ። አራት ዘፈን ዘፍኖ ጨረሰና ምስሉን ራሱ አስተዋውቆ ከመድረክ ወረደ። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። በዚያ ቀን ገንዘብ እንዲጎርፍ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ያ ምስል እንደሆነ ይነገራል። ከሮክ ዘፋኙ ሚክ ጃገር ጋር የዘፈነው ዘፈን ገቢም ለዚሁ ውሏል።

በምስሉ ላይ በሞት አፋፍ ላይ የታየችው ሕፃን ብርሃን ወልዱ ተርፋለች። በ2005 በለንደኑ ‹ላይቭ 8› መድረክ ላይ በሰው ፊት ቆማ ታይታለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ያ ምስል ሕይወት አድኗል። ያው ምስል ግን አገራችን ለብዙ ዓመታት በረሃብ ብቻ እንድትታወቅ አድርጓል። የውጭ አድናቂዎች ስለ ላይቭ ኤይድ ሲያወሩ የመጀመሪያውን ያውቃሉ፤ ሁለተኛውን ብዙዎቹ አስበውት አያውቁም። ስትነግሯቸው አትፍሩ። እኔ ስነግራቸው አድምጠውኛል። ሰውየው ያደረገውን ማመስገንና የደረሰብንን መናገር አብረው ይሄዳሉ።

ባለቤቱ ኢማን ደግሞ የጎረቤታችን የሶማሊያ ልጅ ናት፤ ሞቃዲሾ ነው የተወለደችው። የተጋቡት በ1992 ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ አብረው ኖረዋል።

ቤተሰቦቼ ሮክ የሰይጣን ሙዚቃ ነው ይላሉ። ምን ልበላቸው?

ይህ ጥያቄ በብዛት የሚመጣው ከወጣቶች ነው። አቅልዬ አላየውም። ያሳደጋችሁ ሰው የሚወደውን ቤት ማወክ ያስጨንቃል።

በክርክር አታሸንፉም። እናታችሁ ያየችው የተቀባ ፊት፣ ቀይ ፀጉርና የሚያብለጨልጭ ልብስ ነው። ‹ዚጊ› ቦዊ የፈጠረው ገጸ ባሕርይ እንደነበር፣ በ1973 መድረክ ላይ ራሱ እንዳሰናበተው ንገሯት። ቴአትር መሆኑ ሲገባት ብዙ ነገር ይቀላል።

ከተቻለ አንድ ቪዲዮ አሳዩአት። ኤፕሪል 20 ቀን 1992 ለሮክ ዘፋኙ ፍሬዲ መርኩሪ መታሰቢያ በተደረገው ኮንሰርት ላይ፣ ዌምብሌ ስታዲየም በሞላው ሕዝብ ፊት፣ ቦዊ ተንበርክኮ ‹አባታችን ሆይ›ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደግሟል። ማንም አልጠበቀውም። ይህ ብቻውን ሰውየውን ጻድቅ አያደርገውም፤ እናታችሁ ግን ከፈራችው የተለየ ሰው ታያለች። ካልተስማማችም በጆሮ ማዳመጫ ስሙ።

አድናቂዎቹ ተሰብስበው ምን ይሠራሉ? ማውራት ብቻ ነው?

በጣም የምወደው ምሳሌ የ‹ብላክስታር› ሸክላ ነው። ሽፋኑ ጥቁር ነው፤ መሐሉ ላይ ኮከብ ተቆርጦበታል። አልበሙ ከወጣ ከወራት በኋላ አንድ አድናቂ ሽፋኑን ብርሃን ላይ ሲይዘው ጥቁሩ ወረቀት ላይ የከዋክብት ሰማይ ብቅ አለ። ወሬው በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። ሁሉም ሸክላውን ይዞ ወደ መስኮቱ ሮጠ። ቆየት ብሎ ሸክላው አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራበት ሰማያዊ እንደሚሆን ተደረሰበት። ሽፋኑን የሠራው ጆናታን ባርንብሩክ ገና ያልተገኘ ነገር እንዳለ ተናገረ። አድናቂዎቹ ለንግድ ሳይሆን ለራሳቸው እንዲሠሩባቸውም የንድፉን ቅርጾች በነፃ ለቀቀላቸው። ዛሬም የሚፈልጉ አሉ።

ከዚህ ሌላ የመጻሕፍት ንባብ አለ። ቦዊ የሚወዳቸው 100 መጻሕፍት ዝርዝር በ2013 ወጥቶ ነበር። የፊልም ዳይሬክተር የሆነው ልጁ ደንከን ጆንስ ከዝርዝሩ እያነሳን አብረን እናንብብ ብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ጥሪ አቅርቧል። የኮንሰርት ቀን የሚመዘግቡ፣ ግጥም የሚፈቱ፣ የራሳቸውን ሥዕል የሚያሳዩም አሉ። ጃንዋሪ 8 ልደቱ፣ ጃንዋሪ 10 ዕረፍቱ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል በየግሩፑ ብዙ ሰው አልበም አብሮ ይሰማል።

በ2016 ምን ተፈጠረ? የቆዩት ሰዎች አሁንም ስለዚያ ሳምንት ያወራሉ።

አልበሙ ዓርብ፣ በ69ኛ ልደቱ ቀን ወጣ። ቅዳሜና እሁድ አድናቂዎች እየሰሙ ግጥሙን ሲፈቱ ከረሙ። ሰኞ ጠዋት ማረፉ ተነገረ። ለ18 ወራት ካንሰር ታሞ ነበር። ከቅርብ ሰዎቹ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዓርብ ቀን እንቆቅልሽ የመሰለው ግጥም ሁሉ ሰኞ ግልጽ ሆነ። ሰውየው ሲሰናበታቸው ነበር።

ለንደን ብሪክስተን፣ የተወለደበት ሠፈር፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ሲዘፍን አመሸ። ወደዚያ መሄድ ያልቻለው ኦንላይን ተሰበሰበ። እኛ ለቅሶ ቤት ሄደን ከሐዘንተኛው ጋር ዝም ብለን እንደምንቀመጠው ነበር። ማንም የሚያጽናና ቃል አልፈለገም። ይህን ካለፉ በኋላ ነው ብዙዎቹ እርስ በርስ ዘመድ የሆኑት።

ያልታተሙ ቅጂዎችን መለዋወጥ ይፈቀዳል?

አከራካሪ ነው። የድሮ ኮንሰርት ቅጂ የሚለዋወጡ ሰዎች አንድ የማይታለፍ ደንብ አላቸው፦ አይሸጥም። በገንዘብ የሚሸጥ ሰው ከግሩፕ ይባረራል። የድምፁን ጥራት ቀንሶ መጠኑን የሚያሳንስ ፋይልም አይወዱም።

በይፋ በሽያጭ ላይ ያለን አልበም ግን በቴሌግራም መበተን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ግሩፖች ይከለክሉታል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ‹ቶይ› በ2011 ሾልኮ ሲወጣ አድናቂዎች ለሁለት ተከፍለው ነበር። አስር ዓመት ጠብቆ የታተመውን የገዙት ብዙዎቹ ሾልኮ የወጣውን የሰሙት ራሳቸው ነበሩ።

ፊርማው ያለበት ሸክላ በርካሽ አግኝቻለሁ። ልግዛ?

አትግዙ። የቦዊ ፊርማ በብዛት ከሚጭበረበሩት አንዱ ነው። ፎቶውን መጀመሪያ ፊርማ ለሚመረምሩ ግሩፖች አሳዩ። ሻጩ ‹ቶሎ ወስን፣ ሌላ ሰው መጥቷል› ካለ ያኔውኑ ተዉት።

ጥፋቶቹን ትደብቃላችሁ?

መደበቅ የለብንም። በ1976 ስለ ፋሺዝምና ስለ ሂትለር የተናገረው ነገር አስነዋሪ ነበር። ያን ጊዜ ኮኬይን ውስጥ ተዘፍቆ ነበር። በኋላ ተጸጽቶበታል፤ ንግግሩ ግን ተመዝግቦ አለ። በ1983 ደግሞ ኤምቲቪ የተባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ጣቢያው የጥቁር ዘፋኞችን ቪዲዮ ለምን እንደማያሳይ ጋዜጠኛውን በካሜራ ፊት አፋጥጧል። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ሲያነሡበት የሚሳደብ ግሩፕ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ከግል ሕይወቱ ጋር የተያያዙ ከባድ ጥያቄዎችም ይነሣሉ። ጥያቄ የሚያነሣውን ሰው አዳምጡት እንጂ አታሳድዱት።

ለቤተሰቡ መጻፍ እችላለሁ?

ልጆቹና ባለቤቱ በማኅበራዊ ሚዲያ አሉ። ደህና ቃል ማስፈር ይቻላል። መልስ መጠየቅ፣ በየፎቶው ሥር ስለ አባታቸው መጨቅጨቅ፣ በልደታቸው ቀን ሐዘን ማስታወስ ግን ነውር ነው። እነሱ አባታቸውን ነው ያጡት። ሐዘናቸው ከእኛ ይለያል።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። በአካል የት ልሂድ?

ለንደን ያላችሁ ታድላችኋል። ብሪክስተን ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ የተሣለ ምስሉ አለ፤ ሥር ሥሩ ሰው ይጽፍበታል። ሄደን ስትሪት ላይ የ‹ዚጊ› ሽፋን ፎቶ የተነሣበት ቦታ ምልክት ተደርጎበታል። ከሁሉም በላይ ግን ምሥራቅ ለንደን፣ ቪ ኤንድ ኤ ኢስት ስቶርሃውስ በተባለው የሙዚየም ማከማቻ ውስጥ ያለው የዴቪድ ቦዊ ማዕከል አለ። በሴፕቴምበር 2025 ተከፈተ። ከ90,000 በላይ ዕቃዎችና ሰነዶች አሉት። መግቢያው ነፃ ነው። ቀድማችሁ ካስያዛችሁ የመረጣችሁት ዕቃ ወጥቶ ፊታችሁ ይቀርባል። በርሊን ያላችሁ ሾነበርግ፣ ሃውፕትሽትራሰ 155 ሂዱ። በ1970ዎቹ የኖረበት ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ አለ። ሰው ስለሚኖርበት በር አታንኳኩ።

ስትሄዱ አገር ቤት ላለነው ፎቶ ላኩልን።

በአማርኛ የራሳችንን ግሩፕ ብንከፍትስ?

ክፈቱ። ቴሌግራም ይበቃል። ሰው እስኪበዛ አትጠብቁ፤ አምስት ሰው ካለ ይጀመራል። በሳምንት አንድ አልበም ምረጡ። ሁሉም ሰው ሳይሰማ ሐሳብ አይጻፍ። ግጥሙን የገባው ላልገባው በአማርኛ ያስረዳ። ዳታ ውድ ስለሆነ ከባድ ቪዲዮ አትበትኑ። ሁለት አድሚን ይኑር፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል። የሮክ ሙዚቃ ለእኛ አይሆንም የሚል ቢመጣ ‹ጃኖ ባንድ›ን ላኩለት። የመጀመሪያው ሳምንት ‹ብላክስታር›፣ ሁለተኛው ‹ሃንኪ ዶሪ› ይሁን። ከዚያ በኋላ ያለውን አባላቱ ይምረጡ።